ካሴትና ምራት

አክስቴ ሥራዋ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ስልክ ማንሳት ነበር። ቧንቧው የደረቀበት፣ ቆጣሪው ያለ ውሃ የሚዞርበት፣ መንገድ ላይ ቱቦ ፈንድቶ ያየ ሁሉ ይደውላል፤ እሷ ታነሳለች። «ጤና ይስጥልኝ፣ የውሃ አገልግሎት፣ ምን ልታዘዝ?» ትላለች። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሥራ የጀመረች ዕለት እንዳለቻት፣ ፀጉሯ ሸብቶም እንደዚያው ትላት ነበር። ድምፅዋ ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል። ቢሰድቧትም ያው፣ ቢመርቋትም ያው። አንድ ጊዜ አንድ ሰው የፈነዳ ቱቦ ሳሎኑን ሞልቶት፣ ሶፋው ላይ ቆሞ እያለቀሰ ደወለ። «የቆጣሪ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አለችው። መሥሪያ ቤቱ ይህን ወሬ ለዓመታት ሲቀባበለው ኖረ። ቁጥሩን እንደ ሰማች የጥገና ሠራተኞቹን ከምሳ ገበታ አስነስታ መላኳን ግን ማንም አላወራም፤ አያስቅማ።

ባልደረቦቿ ካሴት ይሏታል። ካሴት ከገበያ ከጠፋ በኋላም ስሙ እሷ ላይ ቀረ። በኋላ የተቀጠሩት ልጆች ካሴት ምን እንደሆነ ሳያውቁ «እትዬ ካሴት» እያሉ ይጠሯት ነበር፤ የአባቷ ስም የመሰለውም ነበር።

የስልክ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። አንዲት መስኮት አለችው፤ የምታየውም ጄኔሬተሩን ነው። ስድስት ወንበሮች በተርታ ተደርድረዋል፤ የአክስቴ ከግድግዳው ጫፍ ያለው፣ አሮጌ ሹራብ ታጥፎ የተነጠፈበት ነው። የጆሮ ማዳመጫዋ ስፖንጅ ሲያልቅ ከእኔ ካልሲ ቆርጣ ሰፍታበታለች። ካልሲው ቡናማ ነበር።

ያ ድምፅ እንዲሁ የተሰጣት አልነበረም። አክስቴ በልጅነቷ ተብታባ ነበረች። አስተማሪው ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት አፏን ከፍታ፣ «አ» ላይ ተይዛ ስትቀር፣ አስተማሪው ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፋል። እዚያው ከፊቱ ተቀምጣ ቀሪ ትባላለች። አንድ ዓመት ከትምህርት ቤት በቀሪ ብዛት ልትባረር ደርሳ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ ማለትም አባቴ፣ ሄዶ «ይቺትና፣ አለች» ብሎ አስመለሳት።

ክረምቱን ሙሉ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ አሠለጠናት። እሱ በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ይመታል፤ እሷ በየምቱ አንድ ድምፅ ታወጣለች። አንዱ ከሌላው አይረዝም፣ አንዱ ከሌላው አይጮህም። ደስታ ከገባበት ትያዛለች፤ ንዴት ከገባበት ትያዛለች። ስለዚህ ሁለቱንም አወጡት። ክረምቱ ሲያልቅ አክስቴ እንደ ሰው ሁሉ ታወራ ነበር፤ ማለቴ እንደ ሰው ሁሉ ሳትደናቀፍ። አባቴ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ በዚህ እንደሚኮራ አውቃለሁ፤ አልተናገረውም እንጂ፣ እሷ ስታወራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማት ነበር፣ የሠራውን ሰዓት እንደሚያዳምጥ ሰዓት ሠሪ።

አላገባችም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእናቴ ጋር ትኖራለች። እናቴ ደግሞ በሁለት ሰው ፋንታ የምታወራ ሴት ናት። አክስቴ ቤት ውስጥ የምትናገርበት ቦታ የለም፤ የምትናገረው ስልክ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመላው ከተማ ጋር ስታወራ ትውልና ማታ መጥታ ታዳምጣለች። ለሁለቱም ተስማምቷቸው ነበር።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ስልክ የሚያነሳ ማሽን ገዛ። ሠራተኛው ስም ለማውጣት አልዘገየም፤ ምራት አሏት። ትናንት ገብታ ዛሬ ቤቱ ሁሉ የሚያሞግሳት፣ ነባሯን ደግሞ ዞር ብሎ የሚያያት ሰው የምታሳጣት ማለታቸው ነው። ምራት ድምፅዋ ማር ነው። ውሃ የለም ሲሏት «ውይ፣ እኔ ልድረቅልዎ» ትላለች። ትተነፍሳለች። ታስባለች፤ «እ…» ትላለች። ልጅ በስልኩ ውስጥ ሲያለቅስ ከሰማች «ማነው እሱ የሚያለቅሰው?» ብላ ትጠይቃለች። ውሃውን ከማምጣት በቀር ያላደረገችው ነገር አልነበረም። አምስቱ ስልክ አንሺዎች ወደ ቆጣሪ ንባብና ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ወንበሮቻቸው እዚያው ቀሩ። አክስቴን ያስቀሯት መብራት ቢጠፋና ምራት ብትዘጋ ለመጠባበቂያ ነው።

በዚያው ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አዋጅ አወጣ። ክርክሩ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ እናቴ ቤት ሆነን አየነው። አንድ የምክር ቤት አባል የኪሳቸው ሒሳብ ማሽን በአዋጁ ይካተት እንደሆነ ጠየቁ። ሌላው ማሽኖች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቃለ መሐላ ይፈጽሙ አሉ። አፈ ጉባኤው ሁለቱንም ሐሳቦች ለኮሚቴ መሩ፤ ኮሚቴው እስካሁን እየመከረባቸው ነው። እኛን የነኩት ሦስት አንቀጾች ናቸው። አንደኛው፣ ከሰው ጋር የሚነጋገር ማሽን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ ማሽን መሆኑን ይናገር ይላል። ሁለተኛው፣ ሰው አገናኙኝ ላለ ሁሉ ሰው ይገናኝለት ይላል። ሦስተኛው በዚህ ጉዳይ ሐሰት የተናገረ ይቀጣል ይላል።

«ጥሩ ሕግ ነው» አለች እናቴ። «መጀመሪያውኑ ምን እንደሆኑ ይናገሩ። ለባሎችም ቢወጣ።»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። ጥሩ ሕግ መስሏት ነበር።

ምራት አዋጁን በማግስቱ አከበረች። «ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ማሽን ነኝ፣ እንዴት ዋሉልኝ?» ማለት ጀመረች። ማንም አላመናትም። «አንቺ ደግሞ ቀልድ ታውቂያለሽ» እያሉ ያስቋት ነበር፤ እሷም ትስቃለች። ሕጉን ያወቁት ጥቂቶች ግን በአንቀጽ ሁለት መሠረት ሰው አገናኙኝ አሉ። ምራትም በትሕትና ወደ ብቸኛው ሰው አሳለፈቻቸው። አክስቴ አነሳች። «ጤና ይስጥልኝ፣ የውሃ አገልግሎት፣ ምን ልታዘዝ?»

አቤቱታው መጉረፍ ጀመረ። የውሃ አገልግሎት ሰው ብለን ስንጠይቅ ሌላ ማሽን ይሰጠናል፤ ያውም አሮጌውን፤ ያውም ማሽን ነኝ የማይለውን። አዋጁን የሚያስፈጽመው ቢሮ ከተቋቋመ ወዲህ የመጀመሪያው ከባድ ጉዳይ ሆነ። በምራት ላይ የቀረበ አቤቱታ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም። መጀመሪያ አክስቴን ሊያሻሽሏት ሞከሩ። ሰው እንዴት እንደሚናገር እንድትማር ከምራት ጋር አስቀመጧት። አክስቴ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋን ሰጥታ ማሽኗን ስታዳምጥ ዋለች፤ መተንፈሷን፣ «እ…» ማለቷን፣ መሳቋን። በማግስቱ አንዷ ደንበኛ ላይ ተንፈስ ለማለት ሞከረች። ሴትየዋ አስም አለብሽ እንዴ ብላ ጠየቀቻት፤ ነጭ ሽንኩርትም አዘዘችላት።

ከዚያ ከአዋጁ ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ጃኬቱ የታላቅ ወንድሙ የሚመስል። መሣሪያ ይዟል፤ ድምፅ ሰምቶ የሰው ይሁን የማሽን የሚለይ። እሱም ማሽን ነው፤ ግን አያወራም፣ ስለዚህ አዋጁ አይመለከተውም። ተቆጣጣሪው ከአክስቴ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ስልኩን አወጣና ደወለላት። ምራት አነሳችው፤ ሰው አገናኚኝ አላት። የአክስቴ ስልክ ጮኸ። አክስቴ ዓይን ዓይኑን እያየች አነሳችውና ምን ልታዘዝ አለችው። ስለ ቆጣሪው ጠየቃት፤ መለሰችለት። መሣሪያው አሰበና ማሽን ናት ብሎ ጻፈ።

ተቆጣጣሪው አፈረ። ስልኩንም መዝጋት ረሳ፤ የቀረውን የተነጋገሩት በስልክ ነው፣ ጉልበታቸው እየተነካካ።

«እኔ እርስዎን እያየሁ ነው» አላት።

«እና ልጄ?»

«መመሪያው የሚለው ድምፁን ነው። ዓይኔን የሚመለከት አንቀጽ የለውም።»

የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ሕጉን ወደ ቤታቸው ወስደው ካጠኑት በኋላ መፍትሔ ይዘው መጡ። መፍትሔው አጭር ነበር። አክስቴም ማሽን ነኝ ትበል። ድምፁ በምርመራ የማሽን ነው ተብሏል፤ እንግዲያው የማሽን ድምፅ ማሽን ነኝ ቢል አዋጁን ማክበር እንጂ መጣስ አይሆንም። ካልሆነ ደግሞ መዝገብ ቤት አለ፤ ደመወዟ ሳይነካ እስከ ጡረታዋ ትቀመጥ።

አክስቴ ውሸት ነው አለች። ሥራ አስኪያጁ ውሸት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው አሏት። እስከ ሰኞ እንድታስብበት ሰጧት።

እሑድ ምሳ ላይ እናቴ ጉዳዩን በእኔና በአክስቴ ስም ተከራክራ ፈረደች። ምን ቸገራት? አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ብላ ብትገላገል። «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ደህና ነኝ ስል ነው የምውለው» አለች። «ማን ከሰሰኝ?»

እኔ መዝገብ ቤት መጥፎ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ጸጥ ያለ ነው፤ መስኮቱም ወደ መንገዱ ነው፤ የሚያስቸግርሽ ሰው የለም አልኳት።

አክስቴ ሹካዋን አስቀመጠች። «መዝገብ ቤት ከሄድኩ፣» አለች በዚያ በማይወጣ በማይወርድ ድምፅዋ፣ «ከማን ጋር አወራለሁ?»

እናቴ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ በፊት ይህን ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አክስቴ የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች። የመጀመሪያው ደዋይ የመጣላት በቢሮ መግቢያ ሰዓት ነው፤ አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ባለቤት። «ጤና ይስጥልኝ፣ የውሃ አገልግሎት፣ እኔ ማ…» አለች። «ማ…» አለች። «ማ… ማ…»

ያ ነገር ከዚያች ክረምት ወዲህ አልመጣባትም ነበር። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተወጠረ፤ መንጋጋዋ ተቆለፈ። ደዋዩ ጥቂት ጠብቆ ስልኩን ዘጋው። ሁለተኛዋ ላይም ያው፤ ሦስተኛው ላይ ማሽን የምትለውን አወጣችና «ነኝ» ላይ ተያዘች። እኩለ ቀን ላይ ደዋዮች ማሽኑ ተበላሽቷል እያሉ ለጥገና ክፍል አመለከቱ። ጥገና ክፍል አንድ ባለሙያ ላከ። ባለሙያው ሽቦውን ተከትሎ መጣ፤ በሽቦው ጫፍ አክስቴን አገኛት። ጤና ይስጥልኝ ብሎ፣ መሰኪያውን አንድ ጊዜ ነቅሎ ሰካና ሄደ። አደራውን ተወጥቷል።

ችግሩ በዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ አልተወሰነም። በሳምንቱ አጋማሽ «ቆጣሪ» የሚለው ተያዘ፤ ቀጥሎ «ቁጥር»፤ ቀጥሎ «ጤና»። ወንድሟ አንድ ክረምት የፈጀበትን በአራት ቀን አፈረሱባት።

ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ እናቴ ቤት ራት ላይ ደረስኩ። አክስቴ ጨው ፈለገች። «ጨ…» አለች። እናቴ በሕይወቷ ማንንም ጠብቃ የማታውቅ ሴት ናት፤ ጨው ማስቀመጫውን አንስታ ፊቷ አኖረችው። አክስቴ በአንድ ጣቷ መልሳ ገፋችው። «ጨ… ጨ…» እናቴ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ሳህኔ። ወጡ ቀዘቀዘ። «ጨው» አለች አክስቴ በመጨረሻ። «አቀብይኝ።» እናቴ አቀበለቻት። አክስቴም ጨመረችና በላች።

ዓርብ ጠዋት አክስቴ ወደ ስልክ ክፍሉ ሳትገባ ደረጃውን ወጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ነገረ ፈጁም እዚያ ነበሩ። የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ሰፈራችን ውስጥ ይኖራሉ። አክስቴ ቆማ እንደተናገረች፣ ለመቀመጥም እንዳልፈለገች፣ አንዲቱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የወሰደባት ጊዜ ሻያቸውን እንዳቀዘቀዘው አጫወቱኝ።

«ከ… ከዛሬ ጀምሮ ማ… ማሽን ነኝ አልልም። ሰ… ሰው ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ሰሟት። ከዚያ፣ እሱን ይተዉት፣ በዚህ አንደበት እንዴት አድርገው ስልክ ሊያነሱ ነው እትዬ አሏት። በቅንነት ነው የጠየቋት። መልሱን ሳይጠብቁም መዝገብ ቤት ደውለው ጠረጴዛ እንዲጠርጉላት አዘዙ። አክስቴ ምድር ቤት ወርዳ ሹራቧንና የካልሲ ስፖንጅ ያለበትን የጆሮ ማዳመጫዋን ይዛ ወጣች። የጆሮ ማዳመጫው የመንግሥት ንብረት ነው፤ ማንም ግን አልጠየቃትም።

መዝገብ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው። አንደኛው ፎቅ ላይ ሳለች ተቆጣጣሪው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ተገናኙ። ሰላም አላት። የመጣው ማሽን ነኝ መባል መጀመሩን ሊያረጋግጥ ነው፤ የሳምንቱን ጥሪዎች ለመሣሪያው አሰምቶ ውጤቱን ይዟል።

ውጤቱ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነገረ ፈጁ መነጽራቸውን አወለቁ። መሣሪያው ድምፁ ያለ ጥርጥር የሰው ነው ብሏል። ተቆጣጣሪው በታላቅ ትሕትና አስረዳ። ሰው ሆኖ ማሽን ነኝ ማለት በአንቀጽ ሦስት ሐሰት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። ቀጥሎም ስልኩን አውጥቶ ደወለና ምራትን ሰው አገናኚኝ አላት። ምራት «እሺ የኔ ጌታ፣ እ… አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለች። ከታች ምድር ቤት የአክስቴ ስልክ ሲጮህ በመስኮት ተሰማ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አቆመ። ተቆጣጣሪው አንቀጽ ሁለትን ጻፈ። ይሄኛው በማስጠንቀቂያ አይታለፍም።

ሥራ አስኪያጁ አዋጁ ስለ መንተባተብ ምን እንደሚል ጠየቁ።

«ምንም አይልም» አለ ተቆጣጣሪው።

ነገረ ፈጁ ራሳቸው ናቸው ደረጃውን ሮጠው የወጡት። አክስቴ የመዝገብ ቤቱን በር ከፍታ አንድ እግሯን አስገብታ ነበር። ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የቀድሞ ስልክ አንሺ ነው፣ ወንበር ጠርገው እየጠበቋት ነው። ነገረ ፈጁ እያለከለኩ ሁሉንም ነገሯት፤ ይመለሱ፣ ዓረፍተ ነገሯም ቀርታለች፣ እንደፈለጉ ይናገሩ።

አክስቴ አሰበችበት። መዝገብ ቤቱን አየችው፣ መደርደሪያውን፣ ወደ መንገዱ ያለውን መስኮት። እመለሳለሁ፤ ግን አንድ ነገር አለኝ እንዳለች ነገሩኝ። ነገረ ፈጁ ደመወዝ መስሏቸው፣ እሱንም እንነጋገርበታለን ለማለት አፋቸውን ሲያሰናዱ፣

«ቃ… ቃሌን፣» አለቻቸው፣ «ማ… ማንም አይጨርስልኝ።»

ነገረ ፈጁ ይህን በሥራ ውል ውስጥ እንዴት እንደሚጽፉት ቸገራቸው። በመጨረሻ ከበሯ ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ለሠራተኛው በሙሉ፣ ይላል፣ ስልክ ላይ ያሉት ሠራተኛ ሲናገሩ ይጠበቁ። ሥራ አስኪያጁ ፈረሙበት፣ ማኅተምም አደረጉበት።

እንዲህ ሆና ተመለሰች። ያ እኩል የሆነው ድምፅዋ ግን አብሯት አልተመለሰም። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ እጇን አድርጋ እንደ ድሮው ራሷን ለማሠልጠን እንደሞከረች እናቴ ነግራኛለች፤ ጣቷ ይመታል፣ ቃሉ ግን በራሱ ሰዓት ነው የሚወጣው። በኋላ ተወችው። ባልደረቦቿ ካሴት ማለታቸውን ያቆሙት ያኔ ነው። ሌላ ስምም አላወጡላትም፤ ምን እንደሚሏት የጠፋቸው ይመስለኛል። አቤቱታው ቀረ። አንዳንዱ ደዋይ ትዕግሥት አጥቶ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምራት ስታነሳው ቶሎ ብሎ ያቺን ሴትዮ አገናኚኝ ይላል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ የነገረኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት የእኔ ቤት ቧንቧ ደረቀ። ደወልኩ። ምራት አነሳች፤ ማሽን መሆኗን ነገረችኝ፣ እኔ ልድረቅልዎ አለችኝ። ሰው አገናኚኝ አልኳት። ወረፋ ነበር፤ ጠበቅኩ።

«ጤ… ጤና ይስጥልኝ፣» አለችኝ አክስቴ፣ «የው… የውሃ አገልግሎት።»

ድምፄን እንዳወቀችው አውቃለሁ። አላለችም፤ ሥራ ላይ ናት። የቆጣሪ ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የሆነ ነገር ስታገላብጥ ይሰማኛል፤ ከጀርባዋ ጄኔሬተሩ ያጉረመርማል። ውሃው መቼ ይመጣል አልኳት።

«ከ…» አለች። «ከ… ከ…»

ቃሉን አውቄዋለሁ። አፌ ላይ ነበር። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ባዶ ባልዲዬ ላይ ተቀመጥኩና ዝም አልኩ። አንድ መኪና በመንገዱ አለፈ። የጎረቤቴ ውሻ ጮኸ፤ ሰለቸውና ተወው።

«ከሰዓት» አለች።

አመሰገንኳት። እሷም ሌላ የምትታዘዘው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እሱም ጊዜ ወሰደ፤ የለም አልኩና ተሰነባበትን።

ውሃው የመጣው በማግስቱ ነው።